ማሸጊያው ያምራል፤ ሥራውንስ ይሠራል?

ምርታቸውን በከረጢት አሽገው ለገበያ ለማቅረብ ለሚዘጋጁ ሰዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

ሰላም ለሁላችሁም። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ባዶ ቦታ አለ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ከረጢቶች ይታዩዋችኋል። አንዱ የሚያብረቀርቅ ብርማ ነው። ሁለተኛው ጥቁር ሆኖ ፊቱ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ሲዳስሱት ደግሞ ይለሰልሳል። ሦስተኛው ቡናማ ወረቀት ነው። ስትገቡ አንድ ነገር ጠይቄያችሁ ነበር፤ ብስኩት ሳይለሰልስ ለወራት የሚያቆየው የትኛው ነው? አብዛኞቻችሁ ጥቁሩን መረጣችሁ። ለምን ስላችሁ ደግሞ “ደህና ዕቃ ይመስላል” አላችሁኝ።

ትክክለኛው መልስ “ከውጭ አይታወቅም” የሚል ነው። ሦስቱም ከውስጥ አንድ ዓይነት ሆነው ሊሠሩ ይችላሉ። ጥቁሩ ከሦስቱ ደካማው ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ደግሞ ውስጡ አልሙኒየም ተደብቆበት ከሁሉም የበረታ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ከረጢት ላይ መልኩን የሚሰጠው አንድ ንብርብር ነው፣ ምርቱን የሚጠብቀው ሌላ ንብርብር ነው። ሰው የሚከፍለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመልኩ ነው። ከዚያ ምርቱ መደርደሪያ ላይ ሲበላሽ “አምራቹ ጉድ ሠራኝ” ይላል። አምራቹ ግን የታዘዘውን ነው የሠራው።

ነገሩ የቆየ ነው። ሴሎፋንን ውሰዱ። የስዊዘርላንዱ ኬሚስት ዣክ ብራንደንበርገር በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው የፈለሰፈው። የሚሠራው ከእንጨት ከሚገኝ ሴሉሎስ ነው። ጥርት ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡን የሚያሳይ ነበር። ሰው በመልኩ ወደደው። ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ውሃ ቢፈስበት አያሳልፍም፣ የውሃ እንፋሎትን ግን ያሳልፋል። ስለዚህ እርጥበቱን ጠብቆ መቆየት ያለበት ነገር በሴሎፋን ተጠቅልሎም ይደርቅ ነበር፤ ደረቅ መሆን ያለበትም እርጥበት ይስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 በዱፖንት ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዊልያም ሄል ቻርች ሰም ያለበት፣ ላከር የሚባል በጣም ስስ ቅብ ቀብቶ ችግሩን ፈታው። ለዓይን ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ያው ሴሎፋን ነው። ሥራው ግን ሌላ ሆነ። ሴሎፋን የምግብ ማሸጊያ ሆኖ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን “ምርቴ ምን ይፈራል?” ብለን ነው። ብዙዎቹ ደረቅ ምርቶች እርጥበት ይፈራሉ። ዘይት ያለባቸው ኦክስጅንና ብርሃን ይፈራሉ፤ ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ያ የምታውቁት የቆየ ዘይት ሽታ ይመጣል። የተጠበሰ የድንች ጥብስ ሁለቱንም ይፈራል። እርጥበት ከገባ ኩርሽም ማለቱ ይቀራል፣ ኦክስጅን ከገባ ጣዕሙ ይበላሻል። ለዚህ ነው ከረጢቱ ሲታሸግ በውስጡ ናይትሮጅን የሚነፋበት። የተነፋው ናይትሮጅን ሳይሰባበር እንዲደርስም ይረዳዋል። ሰው “አየር ሸጡልኝ” እያለ ያማርራል፤ አየርማ ቢሆን ኖሮ ጥብሱ ቶሎ ይበላሽ ነበር።

የተቆላ ቡና የራሱ ጣጣ አለው። ኦክስጅን ይፈራል፣ መዓዛው እንዳያመልጥም መታፈን አለበት። ግን ከተቆላ በኋላ ለቀናት ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ትኩሱን ጥርቅም አድርጋችሁ ብታሽጉት ከረጢቱ ይነፋል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። መፍትሔው ያቺ ትንሽ ክብ ቫልቭ ናት። ወደ ውጭ ታስወጣለች፣ ወደ ውስጥ አታስገባም። ብዙ ሰው ቡናውን ለማሽተት የተሠራች ይመስለዋል።

ትኩስ አትክልት ደግሞ ተቃራኒ ነው። ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል። ጥርቅም ያለ ከረጢት ውስጥ ከገባ ታፍኖ ይበሰብሳል። ለእሱ ጥሩ ማሸጊያ የሚባለው የሚያሳልፍ ነው፣ ወይም በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳ ነው። ስለዚህ “ምርጥ ማሸጊያ” ብሎ ነገር የለም። ለምን ምርት? ነው ጥያቄው።

አንዳንዶቻችሁ “ፕላስቲክ እኮ ፕላስቲክ ነው፣ አየር ያሳልፋል እንዴ?” ትሉ ይሆናል። ያሳልፋል። ፊኛ አስታውሱ። በሂሊየም የተነፋ ተራ የጎማ ፊኛ በማግስቱ መሬት ላይ ነው። ቀዳዳ የለውም፣ አፉም በደንብ ታስሯል። ጋዙ በጎማው ውስጥ ሰርጎ ወጣ። ያ የሚያብረቀርቀው ብርማ ፊኛ ግን ለቀናት ጣራ ላይ ይንሳፈፋል። ልዩነቱ ፕላስቲኩና በላዩ የተለበጠው እጅግ ስስ አልሙኒየም ነው። የኛ ከረጢቶችም ታሪካቸው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጥሬ ዕቃዎቹ እንሂድ። በጣም ብዙ ናቸው፣ ግን ሥራውን የሚሸከሙት ጥቂቶች ናቸው።

አንደኛው ፖሊኢትሊን ነው። ፌስታል የሚሠራበት ማለት ነው። የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ አገር አይሲአይ በሚባል ኩባንያ ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን የተባሉ ኬሚስቶች ጋዝ በከፍተኛ ግፊት እየሞከሩ ሳለ፣ ዕቃው ውስጥ ነጭ፣ ሰም የሚመስል ነገር ቀርቶ አገኙ። ዛሬ በአብዛኛው ተጣጣፊ ከረጢት ከውስጥ በኩል ምግቡን የሚነካው ይኼ ነገር ነው። ለምን ቢሉ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል። ለስላሳው ዓይነት 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጥና እርስ በርሱ ይጣበቃል። እርጥበትንም ደህና አድርጎ ይከላከላል። ኦክስጅን ላይ ግን ወንፊት ነው ማለት ይቻላል። ስስ ለስላሳ ፖሊኢትሊን በአንድ ካሬ ሜትር በቀን በሺዎች የሚቆጠር ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ያሳልፋል።

ፖሊፕሮፒሊን ወንድሙ ነው። በሁለት አቅጣጫ ተስቦ ሲሠራ ጥርት ይላል፣ ይጠነክራል፣ ሲጨብጡት ይንኮሻኮሻል። የብስኩትና የከረሜላ መጠቅለያ በአብዛኛው እሱ ነው። እርጥበት ላይ ጎበዝ ነው። ኦክስጅን ላይ ግን እሱም አያኮራም።

ፔት ደግሞ የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ነው። በፊልም፣ ማለትም በስስ የፕላስቲክ ቅጠል መልክ ሲመጣ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 12 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ናት። ይኼን የሚያህል ስስ ነገር ግን ጠንካራ ነው፤ አይለጠጥም፣ ህትመት ይይዛል። ሙቀት ይችላል፣ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ አልፎ ነው። ኦክስጅን ላይ ከፖሊኢትሊን በብዙ ይሻላል፤ 12 ማይክሮኑ በካሬ ሜትር በቀን ወደ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው የሚያሳልፈው። የውሃ እንፋሎት ላይ ግን ፖሊፕሮፒሊን ይበልጠዋል።

አያችሁ? ሁሉም አንድ ነገር ይችላል፣ አንድ ነገር ያቅተዋል። ለዚህ ነው የሚደራረቡት። ፔት ከውጭ፣ ፖሊኢትሊን ከውስጥ የሚሆኑበት ምክንያትም ከሚቀልጡበት ሙቀት ይመጣል። የማሸጊያው ማሽን ትኩስ መንጋጋ ከረጢቱን ሲነክሰው ውስጠኛው ይቀልጥና ይጣበቃል፣ ውጭኛው ምንም አይሆንም። ሁለቱም አብረው ቢቀልጡ ከረጢቱ መንጋጋው ላይ ተለጥፎ ይቀር ነበር።

ናይለን የሚገባው መበሳት የሚያሰጋበት ቦታ ነው። አጥንት ያለው ሥጋ፣ ሹል ጫፍ ያለው ዕቃ፣ በቫክዩም የሚታሸግ ነገር። ኢቪኦኤች የሚባልም አለ። ደረቅ ሲሆን ኦክስጅንን በመከልከል ከፕላስቲክ ወገን የሚስተካከለው ጥቂት ነው። እርጥበት ሲነካው ግን አቅሙ ይወርዳል። ስለዚህ በሁለት ፖሊኢትሊን መሀል ይደበቃል።

አልሙኒየም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ብርማ ከረጢት ሁሉ “አልሙኒየም ነው” ይባላል። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፎይል ነው፤ ራሱን የቻለ የአልሙኒየም ቅጠል፣ ለከረጢት ሲሆን ከ6 እስከ 9 ማይክሮን አካባቢ። ሁለተኛው ሜታላይዝድ ፊልም ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። አየር የወጣለት ትልቅ ክፍል ውስጥ አልሙኒየም ይቀልጣል፣ ከዚያም ይተናል። ፕላስቲኩ ፊልም ከላዩ በፍጥነት እየተጠቀለለ ያልፋል። ትነቱ ቀዝቃዛው ፊልም ላይ ያርፍና ይጣበቃል። ውፍረቱ ከ30 እስከ 50 ናኖሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ፎይሉ ከመቶ እጥፍ በላይ ይወፍራል። ለዓይን ግን ሁለቱም ብር ናቸው።

ሜታላይዝድ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ፔቱ ላይ ያች ጭላጭ አልሙኒየም ስትቀባ፣ ቅድም 100 ያልኩት ወደ 1 አካባቢ ይወርዳል። ለድንች ጥብስ፣ ለብስኩት፣ ለብዙ ነገር ይበቃል። ዋጋውም ቀለል ይላል። ለረጅም ጊዜ መቆየት ያለበት፣ ብርሃን ጨርሶ ማየት የሌለበት ነገር ከሆነ ግን ፎይል ነው። ፎይሉም ነውር አለው። ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ መርፌ የማታክል ቀዳዳ ያወጣል። በዚያ ቀዳዳ ደግሞ የከፈላችሁበት ጥበቃ ይወጣል።

እንዴት ትለያላችሁ? ማሽን አያስፈልግም። ከረጢቱን ቅደዱና ባዶውን ወደ መብራት አንሱት። ሜታላይዝድ ከሆነ የስልካችሁ መብራት በደብዛዛው ያሳልፋል፣ ሰማያዊ ቢጤ ሆኖ ይታያል። ፎይል ከሆነ ጨለማ ነው፤ ምናልባት እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ የምትል ብርሃን ብታዩ ያቺ ቀዳዳዋ ናት። ከዚያ ጫፉን አጥፉትና ልቀቁት። ሜታላይዝዱ ተመልሶ ይዘረጋል። ፎይሉ እንደታጠፈ ይቀራል። ናሙናዎቹን እያሳለፍኩ ነው፣ ሞክሩት። ከኋላ ያላችሁም እንዲደርሳችሁ።

ሌላም ቀላል ዘዴ አለ። ያልታተመ፣ አንድ ንብርብር የሆነ ፊልም ካላችሁ ቁራጩን ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ አረፋ እንዳይዝ በጣታችሁ አሹት። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋሉ፣ ፔትና ናይለን ይሰምጣሉ። ሻጩ “ፔት ነው” ካላችሁ የሚንሳፈፍ ፔት እንደሌለ አሁን አወቃችሁ።

እሺ፣ ንብርብሮቹ እንዴት አንድ ይሆናሉ? በማጣበቂያ፣ ወይም በመሀላቸው የቀለጠ ፕላስቲክ በማፍሰስ። ሥራው ላሚኔሽን ይባላል። ግን ፖሊኢትሊንም ፖሊፕሮፒሊንም በተፈጥሯቸው ምንም ነገር አይጣበቅባቸውም። ቀለም ብትቀቡባቸው ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከመታተማቸው በፊት ፊታቸው በከፍተኛ ቮልቴጅ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ይመታል። ኮሮና ይባላል፤ ከበሽታው ጋር ዝምድና የለውም። የፊቱ የመያዝ ኃይል በዳይን ይለካል። ያልተመታ ፖሊኢትሊን 31 አካባቢ ነው፣ ለህትመት 38 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ይህ ኃይል ጊዜ ሲያልፍ ይደክማል። መጋዘን ውስጥ ለወራት የተኛ የፊልም ጥቅል ላይ ታትሞ ቀለሙ ቢላቀቅ አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ከረጢቱ ሲመጣላችሁ ህትመቱ በውጭው ፊት ላይ ከሆነ የቢሮ ፕላስተር ለጥፉበትና በአንዴ ፈልቅቁት። ቀለም ይዞ ከመጣ ከረጢቱን መልሱ።

ስለ ሽታም ላንሳ። አንዳንዱ ማጣበቂያና ቀለም በሟሟ፣ ማለትም በሚያቀጥነውና በኋላ በሚተን ፈሳሽ ነው የሚሠራው። ሟሟው በደንብ ሳይተን ከረጢቱ ከተጠቀለለ ወደ ምግቡ ይሄዳል። አዲስ ከረጢት ስትከፍቱ አፍንጫችሁን አስገቡ። የቀለም ቤት የሚሸት ከሆነ አትቀበሉት። ማጣበቂያውም ከተጣበቀ በኋላ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ “ዛሬ ታትሞ ነገ ይድረስልኝ” የሚል ደንበኛ ራሱ ላይ ነው የሚፈርደው።

አሁን ወደ መልኩ። ይኼን እየጠበቃችሁ እንደነበር ፊታችሁ ይናገራል።

የጥሩ ከረጢት ህትመት አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አይደለም። ውጭኛው ግልጽ ፊልም ከጀርባው ነው የሚታተመው፣ በተገለበጠ ምስል። ከዚያ ውስጠኛው ንብርብር ይጣበቅበታል። ቀለሙ በሁለት ፊልም መሀል ታፍኖ ይቀመጣል። አይፋቅም፣ ምግብም አይነካም። በጥፍራችሁ ፋቁት፤ ካልተፋቀ መሀል ነው።

ማብረቅና መደብዘዝ ከምን ይመጣል? ከፊቱ ቅርጽ ነው። የረጋ ውሃ ፊት ምስል ያሳያል፣ ነፋስ ሲነካው ምስሉ ይጠፋል። ውሃው አልተለወጠም፤ ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ መመለሱን ትቶ ተበተነ። ማት የሚባለው አጨራረስም ይኼው ነው። ወይ ፊልሙ ሲሠራ ፊቱ እንዲሻክር ይደረጋል፣ ወይ ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣት ያለበት ቫርኒሽ ይቀባል። ስለ ኦክስጅንም ስለ እርጥበትም ግን ምንም አይጨምርም። ማት ከረጢት ምርቱን “ይበልጥ ይጠብቃል” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ሲዳስሱት የሚለሰልሰው ደግሞ ሶፍት ተች ይባላል። ብዙውን ጊዜ የፖሊዩሬቴን ቅብ ነው። እጅ ይወደዋል። ገዢው አንዴ ከያዘው ቶሎ አያስቀምጠውም ይባላል፣ እኔም አምናለሁ። ግን ውድ ነው፣ የእጅ ቅባትም ይይዛል። ጥቁር ሶፍት ተች መደርደሪያ ላይ ሁለት ሳምንት ካደረ በኋላ ብታዩት የነካው ሰው ሁሉ አሻራ አለበት። በፎቶ ላይ ግን የሚያህለው የለም። በኢንተርኔት ብቻ የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ገዢው ከመክፈሉ በፊት አይዳስሰውም፤ ለመዳሰሱ ስትከፍሉ ይህን አስቡበት።

ከሁሉም እኔ የምወደው በከፊል የሚደረገውን ነው። ከረጢቱ በሙሉ ማት ይሆንና አርማው ወይም የምርቱ ምስል ብቻ ያብረቀርቃል። ዓይን ሳያስበው ወደዚያ ይሄዳል። ከባዱ ነገር ቫርኒሹ ከህትመቱ ጋር ልክ መግጠም አለበት። ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት የሰከረ ይመስላል።

ብርማ መሠረት ላይ ሲታተምም ሌላ ጨዋታ አለ። ግልጽ ቢጫ ቀለም በብር ላይ ሲያርፍ ወርቅ ይሆናል፣ ቀዩ እንደ ብረት ያብለጨልጫል። እንዳያብለጨልጭ የምትፈልጉት ቦታ ላይ ከሥር ነጭ ቀለም መታተም አለበት። ባርኮድ ላይማ ግዴታ ነው። ብር ላይ ቀጥታ የታተመ ባርኮድ ብርሃን ስለሚመልስ ማሽኑ ሊያነበው ይቸገራል፤ ካሸር ጋ ወረፋ ያስይዛል። ነጭ ቀለምን “ቀለም አይደለም” ብለው የሚቆጥቡ ሰዎች አሉ። ከረጢታቸው የታጠበ ልብስ ይመስላል።

ወረቀቱስ? ቡናማ ወረቀት “ተፈጥሯዊ ነው” የሚል ስሜት ይሰጣል። ደስ የሚል መልክ ነው፣ አልቃወምም። ግን ወረቀት ብቻውን ኦክስጅንም እርጥበትም ቅባትም አይከለክልም። ስለዚህ ከውስጡ ፕላስቲክ ይለበጣል። ሲገርመኝ የኖረው ደግሞ ሌላው ነው፤ ማት ፕላስቲክ ላይ የወረቀት ምስል አትመው “ወረቀት” የሚያስመስሉት። ከሩቅ ብታዩት ትምላላችሁ። ጫፉን ቀደድ አድርጉት፤ ወረቀት ከሆነ ነጭ ወይም ቡናማ ቃጫ ያወጣል፣ ፕላስቲክ ከሆነ ወይ ይለጠጣል ወይ እንደ ምላጭ ጥርት ብሎ ይቀደዳል።

ይህ ወደ አካባቢ ጥያቄ ይወስደናል። ቅድም ሲደራረቡ ጎበዝ የሆኑት ንብርብሮች ሲጣሉ ራስ ምታት ናቸው። ፔትና ፖሊኢትሊን አንድ ላይ አይቀልጡም፤ አንድ ላይ የተጣበቁትን መለያየት ደግሞ ከባድም ውድም ነው። ስለዚህ ኢንዱስትሪው አሁን ሁሉንም ንብርብር ከአንድ ቤተሰብ ለማድረግ ይሞክራል። ውጭውም ውስጡም ፖሊኢትሊን፣ መሀሉ ላይ በጣም ጥቂት ኢቪኦኤች። ውጭኛው በመሳብ ስለሚጠነክር ከውስጠኛው የተሻለ ሙቀት ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2025 ያጸናው የማሸጊያ ደንብ ከጥቂት ነገሮች በቀር ማሸጊያ ሁሉ እስከ 2030 ሪሳይክል ተደርጎ እንደገና ጥሬ ዕቃ መሆን የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። ወደዚያ ለመላክ የምታስቡ ከአሁኑ አስቡበት። ግን ነገሩ በነጻ አይመጣም። ውጭውና ውስጡ የሚቀልጡበት ሙቀት ስለተቀራረበ ማሽኑ ላይ ያለው የሙቀት ልዩነት ጠባብ ነው። ትንሽ ከቀነሰ አይታሸግም፣ ትንሽ ከጨመረ ይኮማተራል። የቆየ ማሽን ያለው ሰው ከረጢቱን ከማዘዙ በፊት ይሞክረው።

“ይበሰብሳል” ተብሎ የተጻፈበትንም እንዲሁ አትመኑ። ፒኤልኤ የሚባለው ከዕፅዋት ስታርች የሚሠራ ፕላስቲክ የሚበሰብሰው በኢንዱስትሪ ማዳበሪያ ጣቢያ ውስጥ፣ 58 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ሲያገኝ ነው። ሜዳ ላይ ተጥሎ ቶሎ የሚጠፋ አይደለም። እርጥበትንም በደንብ አይከለክልም።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን እዚህ ልጨምር።

አንዲት እህት “ጥቁር ማት ከረጢት አሳትሜ ሲደርሰኝ ሁሉም ተጫጭሮ ነበር፣ ህትመቱ ነው ወይ የተበላሸው?” ብላ ጠየቀች። ህትመቱ አይደለም፣ እሱ መሀል ነው ያለው። የተጫጨረው የማቱ ፊት ነው። ሻካራው ፊት ሲታሽ ይለሰልስና እዚያ ቦታ ላይ ማብረቅ ይጀምራል። ጥቁር ላይ ደግሞ ሁሉ ነገር ይታያል። ከረጢቶቹ ካርቶን ውስጥ ላላ ብለው ስለሚታሸጉ መንገዱን ሙሉ እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ነው የሚመጡት። መፋተግን የሚቋቋም ቅብ አለ፣ ጠይቂ። ካልሆነ ቀለሙን ፈዘዝ አድርጊው፤ ጭረት ፈዛዛ ቀለም ላይ ብዙም አይታይም። ካርቶኑም ጠበቅ ተደርጎ ይሞላ።

ሌላው ወንድም “ከረጢቴ ዚፕ አለው፣ ታዲያ ከላይ በሙቀት ማሸግ ለምን ያስፈልጋል?” አለ። ዚፑ ለገዢው ነው፣ ከፍቶ መልሶ እንዲዘጋው። አየር ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። መደርደሪያ ላይ እስካለ ድረስ የሚጠብቀው በሙቀት የታሸገው መስመር ነው። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ከረጢት የሚሸነፈው በፊልሙ በኩል ሳይሆን በዚህ መስመር በኩል ነው። ዱቄት ስትሞሉ ብናኙ መታሸጊያው ላይ ያርፋል። መንጋጋው ሲነክሰው ብናኙ መሀል ይገባና መተላለፊያ ይተዋል። በጣም ውዱን ፎይል ገዝታችሁ በብናኝ ልትከስሩ ትችላላችሁ። የታሸገውን ከረጢት ውሃ ውስጥ ክተቱና በእጃችሁ ጫን በሉት። አረፋ የሚወጣበት ቦታ ችግሩ ያለበት ነው።

የእርጥበቱን ነገር ራሳችሁ ልትለኩትም ትችላላችሁ። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት መሳቢያ፣ ሲሊካ ጄል፣ በብዛት ግዙና ከረጢቱን ሙሉባት። ማሽናችሁ እንደሚያሽገው አሽጉት። ግራም በአሥረኛ የሚያነብ ሚዛን ላይ መዝኑትና ክብደቱንና ቀኑን እላዩ ላይ ጻፉ። ሞቃትና እርጥብ ቦታ አስቀምጡት፣ በየሳምንቱ መዝኑት። የሚጨምረው ክብደት በሙሉ ከውጭ የገባ ውሃ ነው። የሦስት አምራች ናሙና ካላችሁ ሦስቱንም በአንድ መጠን፣ በአንድ ቀን ጀምሩ። ከወር በኋላ የቱ ጋ እንደምታዙ ቁጥሩ ይነግራችኋል። ናሙናዎቹ ያለ ህትመት ቢሆኑም ችግር የለውም፤ ይህ ፈተና መልክ አያይም።